የኦቦ ቱፋ ጥያቄ

ባለፈው ወር የተማርኩበት ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሲሰናዳ አንዲት ትሑት ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ስሜን ከነአባቴ ካረጋገጠች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ስለ ድሮዋ አሰላ ትንሽ እንዲያወጉን ከቀድሞ ተማሪዎች መካከል እርስዎ ተመርጠዋል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሱሪ እንለብስ እንደነበር፣ ሻይ በስንት እንጠጣ እንደነበር፣ የትኛው ጥግ ቆመን ኮረዳ እንጠብቅ እንደነበር በሐሳቤ ስደረድር፣ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ብቻ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፖለቲካ ነክ ነገር ባይነሳ ጥሩ ነው። ጊዜው ያው እንደሚያውቁት ነው» ብላ ጨመረችበት። «አውቃለሁ ልጄ» አልኳት። ሄድኩ፤ ስለ ሱሪውና ስለ ሻዩ ተናገርኩ፤ ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። የቆምኩበት መድረክ ግን ያው የድሮው መድረክ ነበር። በወጣትነቴ እዚያ ላይ ቆሜ የሰማሁት ነገር ስንጨበጭብም ስንሳሳቅም ከጆሮዬ አልወጣም፤ እቤትም ድረስ ተከተለኝ። እዚያ ያላልኩትን እዚህ ልበለው።

አሰላ ያኔ አንዱ ጫፍ ሆነው የጠሩትን ሰው ሌላው ጫፍ ላይ አቤት የሚያሰኙባት ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጭላሎ ጭጋጉን ቁልቁል ይለቀዋል። የጋሪ ፈረሶች አፍንጫ እንደ ጀበና ይተናል። ሰዉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ስለሚሄድ ሰላምታው በቅንድብ ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም፤ ሽልንግ ኪሱ የገባ ጎረምሳ እሑድን እንደ ባለጸጋ ይውላል። ከጎሚስታው ፊት ለፊት የየመኑ ዓረብ ሱቅ ነበረ፤ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ሬዲዮ ዘፈን ሲጀምር፣ በረንዳው ላይ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን በዘፈኑ ምት ይረግጡታል። ቴትሮን ሱሪ የለበሰ ሰው ሲቀመጥ ተኩሱ እንዳይበላሽበት ጉልበቱ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ከፍ ያደርገዋል። ኋላ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ሱሪ መጣ፤ የአሰላ ጭቃ ግን ፋሽን አያውቅም፣ ያን ሁሉ ጨርቅ አቡክቶ ይመልሰዋል። የገበያ ቀን የአዲስ ስንዴ ሽታ፣ ከገጠር የመጡት ሴቶች ጠጉር ላይ የቀለጠው ቅቤ ሽታ፣ ዝናብ የመታው ሱፍ ሽታ። ዓይኔን ቢያስሩኝ በአፍንጫዬ ብቻ የትኛው ጥግ እንደቆምኩ እናገር ነበር።

አባቴ በገበያው ዳር ጨውና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። እቤት ኦሮምኛ፣ ሱቅ አማርኛ፣ መድረሳ ዓረብኛ እየተናገርኩ ስላደግኩ ትምህርቴን እንደጨረስኩ የአውራጃው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። ለዚያ ሥራ ያበቃኝ ግን የታሪክና የግብረ ገብ አስተማሪያችን መምህር ደምሴ ነበሩ ብል አልተሳሳትኩም። ከቡታጅራ በኩል የመጡ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ክፍል ውስጥ ተማሪ የፈለገውን ስህተት ቢናገር አያቋርጡትም። ሌላው ተማሪ ጣልቃ ሲገባ እጃቸውን ያነሱና፣ «መጀመሪያ ይጨርስ፤ ከዚያ እንጣላለን» ይላሉ። ሰው እስኪጨርስ መስማት እንዴት ከባድ ሥራ እንደሆነ ከሳቸው ተማርኩ።

የወንበር ጓደኛዬ ታምራት ነበር። የስልክ ቤት ሠራተኛ ልጅ፣ መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ፤ ሲናገር የሚጠላው ሰው ሳይቀር ቆሞ ያዳምጠዋል። በአንድ የወላጆች ቀን በዓል ላይ፣ ሹማምንቱ ፊት ለፊት ባሉት ወንበሮች ተቀምጠው ሳለ፣ ስለ ጭሰኛ ራሱ የጻፈውን ግጥም አነበበ። ያኔ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚባልበት ዘመን ነው። ከሹማምንቱ አንዱ ተነስቶ ወጣ፤ ሰኞ ዕለት ፖሊስ ታምራትን ከክፍል ወሰደው። መምህር ደምሴ ተከትለው ጣቢያ ሄዱ። «ይሄን ማነው ያስተማረው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያየውን ግን ራሱ ነው ያየው» አሉ። ዋስ ሆነው አስፈቱት። በዚያው ሰሞን መምህሩ ራቅ ወዳለችው የገጠር ከተማ ወደ ጎበሳ ተዛወሩ ተባለ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀም የመለሰም የለም። ፍራሻቸውን የጭነት መኪናው ላይ የጫንነው እኔና ታምራት ነበርን። ታምራት አለቀሰ። እሳቸው ግን ጃኬታቸውን ቆልፈው፣ «እዚያም ማንበብ የማይችል ልጅ ይኖራል» ብለው ተሳፈሩ።

ከዚያ የትራክተር ዘመን መጣ። ቁልቁል ወደ ኦጎልቾ በሚወስደው ሜዳ ላይ ስንዴ ገንዘብ ሆነ። ባለመሬቶች በሬና ጭሰኛ እያስነሱ ማሽን ማስገባት ጀመሩ። ከሁሉም የከፉት ባላምባራስ ወልዴ ነበሩ፤ ሽማግሌ፣ ጥቁር ካባ ለባሽ፣ ጭሰኛን በስሙ ጠርተው የማያውቁ። ያፈናቀሏቸው ቤተሰቦች ከተማው ዳር ላይ የሸራና የቆርቆሮ ጎጆ ቀለሱ። ከነሱ አንዱ ኦቦ ቱፋ ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ንግግሩ አጭር፣ ከወፍጮ ቤት ከረጢት እየተሸከመ ልጆቹን የሚያሳድር ሰው። ፍርድ ቤት ሲከራከር ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። ዳኛው፣ «በመሬቱ ላይ ውል አለህ ወይ?» ብለው ጠየቁት፤ ነገርኩት። «አባቴ እዚያ ተቀብሯል» አለ። ለዳኛው ነገርኳቸው። «መቃብር ውል አይደለም» አሉ። ይህንንም መልሼ ለሱ ነገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ የከበደ ነገር አላውቅም። ተረታ። ከመኸር በኋላ ወደ ቦታው ቢሄድ የአባቱ መቃብር ድንጋዮች የሉም፤ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ተገልብጧል። አንዳንዱ ጎረቤት ትራክተሩ ገለበጠው አለ። ሌላው፣ የለም፣ የባላምባራስ ሰዎች አፅሙን አንስተው በጋሪ ወስደውታል አለ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ያች የስድሳ ስድስቷ ዓመት የመጣችው በዚህ ላይ ነው። ምን ብዬ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ታክሲ ቆመ፣ አስተማሪ ቆመ፣ ወታደሩ አጉረመረመ ሲባል ሰማን። ጋዜጣው ትናንት የማይታሰበውን ዛሬ ማተም ጀመረ። የናዝሬት አውቶቡስ ሲገባ ሰው የሚሻማው ለዕቃ ሳይሆን ለጋዜጣ ሆነ። ማንበብ የማይችለውም ገዝቶ ያስነብባል። መምህር ደምሴ ከጎበሳ ተመልሰው ነበር፤ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ አስፈቅደው በየቅዳሜው ከሰዓት ሕዝብ የሚወያይበት ስብሰባ ጀመሩ። ሕጋቸው ቀላል ነበር፦ እጁን ያወጣ ሁሉ ይናገራል፣ በሚችለው ቋንቋ ይናገራል፣ ሐሳብ የቀረበበት ነገር ድምፅ ይሰጥበታል። እኔን ከጎናቸው አቆሙኝ። «አንተ ድምፅ አትሰጥም፤ የሁሉም አፍ ነህና» አሉኝ። በቴትሮን ሱሪዬ መድረክ ላይ ቆሜ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስዋኝ መንግሥት የሆንኩ መሰለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ያየ ሰው አይረሳቸውም። ጠላ ሻጯ ስለ መብራት ተናገረች። የወህኒ ዘበኛ ስለ ደመወዙ ተናገረ። አባቴ፣ ከሱቁ ባንኮኒ ውጭ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ኮፍያውን እያሻሸ ተነሳና፣ «እኛን ለምንድነው በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች የሚሉን? ከየት መጥተን ነው የምንኖረው?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ቄስ ተቆጥተው ሊያቋርጡት ሲሉ መምህር ደምሴ ያችን እጃቸውን አነሱ። «መጀመሪያ ይጨርሱ፤ ከዚያ እንጣላለን።» አባቴ ጨረሰ። ቄሱም ተነስተው ተከራከሩት፤ እሳቸውም እስኪጨርሱ ተሰሙ። ሲወጡ ሁለቱ አሁንም እየተጨቃጨቁ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሄዱ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ ከዚያ በኋላም እንዲያ ያለ ነገር ማየቴን እጠራጠራለሁ።

ታምራትም ከዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ነበር። አፍሮ አበጥሮ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ፣ ዙሪያውን ጎረምሶች ከበውት ይቀመጣል። ሲናገር አዳራሹ ይግላል። ክረምቱ ሊገባ ሲል ኦቦ ቱፋ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አወጣና ስለ አባቱ መቃብር ተናገረ። መምህር ደምሴ በሌለ ሰው ላይ መነጋገር አልወደዱም። ባላምባራስ ወልዴ መጥተው እንዲመልሱ በኔ አፍ ላኩባቸው። ይመጣሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን አሽከራቸው ጃንጥላ ይዞላቸው መጡ፤ ጠመንጃቸውን በር ላይ አስቀምጠው ገቡ። ሰዉ ጉምጉም አለ። ከኋላ ያሉት ተነስተው ቆሙ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር።

ኦቦ ቱፋ ተነሳ። ትከሻው ላይ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት አልረገፈም። ባላምባራስን ፊት ለፊት እያየ በኦሮምኛ ተናገረ፤ ፍርድ ቤት ቢሆን «እርስዎ» ብዬ አለሰልሰው ነበር፤ ያን ቀን እሱ «አቲ» እንዳለ እኔም «አንተ» ብዬ ተረጎምኩት። «ያረስከውን እረስ። በሬዎቼንም ተውኳቸው። አባቴን የት አደረስከው?»

ባላምባራስ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ኦሮምኛ እንደ ውኃ የሚጠጡ ሰው ነበሩ፤ በአደባባይ ግን አማርኛ ነው የሚናገሩት። «የአባትህን አፅም» አሉ፣ «የአባትህን አፅም እኔ ራሴ ቆሜ አስነስቼ...»

እዚህ ላይ ቆም ብለው ትርጉሙን ጠበቁኝ። ተረጎምኩ። የኦቦ ቱፋ ፊት ሲለወጥ አየሁ፤ በትራክተር አልተፈጨም ማለት ነው፣ አንድ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀሪውን ለመስማት ወደ ፊት ዘመም አለ። ታምራት የተነሳው ያኔ ነው።

«ሰብሳቢ፣ ሥነ ሥርዓት» አለ። «ይህ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ሲናገር ኖሯል። ፍርድ ቤቱም የሱ፣ አፍም የሱ፣ መሬትም የሱ። ዛሬ በሕዝብ መድረክ ላይ ደግሞ አፍ እንስጠው?»

ጭብጨባው አዳራሹን ነቀነቀው። መምህር ደምሴ እስኪበርድ ጠበቁ። «እስከ ዛሬ የተናገሩት ማንም ጠይቋቸው አይደለም» አሉ። «ዛሬ ተጠይቀዋል። የተጠየቀ ይመልሳል። መጀመሪያ ይጨርሱ፤ ከዚያ እንጣላለን።»

«ይሄ ክፍል አይደለም፣ ጋሼ» አለ ታምራት፤ ድምፁ ውስጥ ንቀት አልነበረም፣ እንዲያውም የሚያዝን ይመስል ነበር። «እኛም ልጆች አይደለንም። የሕዝብ ጠላት በሕዝብ መድረክ አይናገር። ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ በሕጋችሁ መሠረት ድምፅ ይሰጥበት።»

መምህር ደምሴ ራሳቸው ያወጡት ሕግ ያዛቸው። ድምፅ ተሰጠ። እጁን ያላወጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እጃቸውን ካወጡት ብዙዎቹ ደግሞ በባላምባራስ የተፈናቀሉ፣ የተገረፉ፣ የተዋረዱ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም ልፈርድባቸው አልችልም። ኦቦ ቱፋ በጫጫታው መሐል እጅጌዬን ሳበኝ።

«ምንድነው የሚሉት?»

«አይናገር እያሉ ነው።»

«ማን?»

«ባላምባራስ።»

«ታዲያ ጥያቄዬስ?»

ይህንን ጮክ ብዬ ለአዳራሹ ተረጎምኩት። የሰማኝ የለም። ባላምባራስ ከዘራቸውን አንስተው በመድረኩ ሥር ሲያልፉ ለመምህር ደምሴ ፈገግ አሉ። «ልጁ ብልህ ነው» አሉ። «እኔም ብሆን አላስናግርም ነበር።»

በማግስቱ እኔና መምህር ደምሴ ኦቦ ቱፋን ይዘን ባላምባራስ ቤት ሄድን። ግቢው በር ላይ አቆሙን እንጂ አላስገቡንም። መምህር ደምሴ፣ «ለዚህ ሰው አንዲት ቃል ብቻ» ብለው ለመኗቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በአደባባይ ጠየቀኝ፤ በአደባባይ ልመልስ ተነሳሁ። ሕዝቡ አንሰማም አለ። ከእንግዲህ በአጥር ሥር የማንሾካሹከው የለኝም።» በሩ ተዘጋ። ክፉ ሰው ነበሩ፤ ክፋታቸውንም ክብር ብለው ያለብሱት ነበር። ሊዋሹም ይችሉ ይሆናል። ግን ውሸት እንኳ ቢሆን በሕዝብ ፊት የተነገረ ውሸት ይያዛል፣ ይመረመራል። እኛ የቀረን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሌላ ቅዳሜ ሆነ። የመምህር ደምሴ ወንበር ለታምራት ጓደኛ ተሰጠ። ጠላት የሚለው ቃል እንደ አባ ጨጓሬ ከአንዱ ወደ አንዱ መሳብ ጀመረ። ቄሱ ስለ ቤተ ክርስቲያን መሬት ሊናገሩ ሲሉ «ይቀመጡ» ተባሉ። አባቴ ስለ ስኳር መጥፋት ሊያስረዳ ሲነሳ አንዱ ከኋላ፣ «ነጋዴ ስለ ስኳር አይናገር» አለው። አባቴ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ፤ ሁለተኛ አልተመለሰም። «ዝም ማለቱ አልከበደኝም፣ ለምጄዋለሁ» አለኝ እራት ላይ። «የከበደኝ መናገርን ከቀመስኩ በኋላ መሆኑ ነው።» ሰዉ ከመናገሩ በፊት ግራ ቀኙን ማየት ጀመረ። ከኋለኛው ወንበር ላይ ማንም የማያውቃቸው፣ የማያጨበጭቡ፣ የማይናገሩ ኮት ለባሾች መቀመጥ ጀመሩ። የሬዲዮው ዘፈን እየቀነሰ መግለጫው እየበዛ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ መምህር ደምሴ ከሕዝቡ መሐል እጃቸውን አወጡ። አዲሱ ሰብሳቢ አያቸው፤ ሌላ ሰው ጠራ። እጃቸውን አላወረዱም። ሲደክማቸው በሌላው እጃቸው ክርናቸውን ደገፉት። ሰብሳቢው በላያቸው እያለፈ ሌላውን ሁሉ ጠራ። ስብሰባው ሲበተን ሰዉ በአጠገባቸው ያልፋል፤ እሳቸው ያንን እጃቸውን ሰቅለው ቆመዋል፤ ማንም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። የዚያን ዕለት ከታምራት ጋር ወደ ጋሪ ማቆሚያው አብረን ሄድን። «ታሜ፣ ዋስ የሆነህ ሰው ነው እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ። እወዳቸዋለሁም» አለኝ። «ግን ጀማል፣ እሳቸው ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ባለጠመንጃው ግን አይጠብቀንም። አንተ ጊዜ ያለን ይመስልሃል?»

ጊዜ እንደሌለን እኔም ይሰማኝ ነበር። በዚህስ አልተሳሳተም።

መስከረም ሲጠባ፣ የጭላሎ ግርጌ በአደይ ቢጫ ሲሆን፣ ንጉሡ ወረዱ ተባለ። ሰዉ ለአንድ ቀን ጨፈረ። ብዙም ሳይቆይ መሰብሰብም፣ ሥራ ማቆምም፣ መቃወምም ክልክል ነው የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ ተነበበ። ቅዳሜ ስንሄድ አዳራሹ ተቆልፏል፤ ደፉ ላይ አንድ ወታደር ተቀምጦ የተጠበሰ በቆሎ ይበላል። ታምራት ተስፋ አልቆረጠም። ጓደኞቹን ሰብስቦ ከግቢው በስተኋላ ባሕር ዛፎቹ ሥር ድንጋይ ላይ ወጣ። ገና፣ «ወገኖቼ» ሲል ከዛፎቹ መሐል የወጡት ኮት ለባሾች ያዙት። እነዚያው ከኋላ ይቀመጡ የነበሩት ናቸው።

መምህር ደምሴ ሲነገራቸው ሽሮ እየበሉ ነበር። እጃቸውን ታጠቡ፣ ክራቫት አሰሩ። «የት ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው።

«ጣቢያ። ዋስ ልሆነው።»

«እሱ እኮ እርስዎን...»

«ተማሪዬ ነው» አሉኝ። «ደግሞ እሱም ቢሆን አልጨረሰም።»

ተከትያቸው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው መኮንን የኔ እኩያ ነው፤ አዲስ ቦት ጫማ ተጫምቷል። መምህር ደምሴ ቆመው፣ ልጁ ምን ሊናገር እንደነበር ይጠየቅ፣ ካጠፋም ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ይነገረው ብለው በእርጋታ አስረዱት። መኮንኑ ሰማቸው፤ እስኪጨርሱም ጠበቀ። ከዚያ፣ «አስተማሪው አንተ ነህ?» አላቸው። «አዎን» አሉ። «ግባ» ብሎ በጓሮ በኩል ያለውን በር አሳያቸው። ወደኔ ዞሮ፣ «አንተስ?» አለኝ። መምህር ደምሴ ቀድመውኝ፣ «እሱ አስተርጓሚ ነው፤ የራሱ ንግግር የለውም» አሉት። እንዲህ ብለው አዳኑኝ። ታምራትን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት ተባለ፤ እናቱ ስንቅ ይዛ እየተመላለሰች አረጀች፣ የት እንዳለ የነገራት ግን የለም። መምህር ደምሴ ከወራት በኋላ ወጡ። ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ ክፍል ውስጥ ግን ከመጽሐፉ ውጪ አንዲት ቃል አይወጣቸውም ነበር ይባላል። ጡረታ ወጥተው ናዝሬት ልጃቸው ጋር ሲኖሩ እጠይቃቸው ነበር። እኔ ሳወራ ይሰማሉ። እሳቸው አያወሩም።

ባላምባራስ ወልዴም ታስረው እንደተወሰዱ ቀሩ። ያኔ ሜዳው የጭሰኛው ሆነ ተብሎ ታወጀ፤ ኦቦ ቱፋ ከዚያው ከአባቱ መሬት ላይ ድርሻ አገኘ። በሬ ገዛ፣ ልጆቹን ዳረ፣ ሸበተ። ገበያ ሲወጣ ሱቃችን በረንዳ ላይ ይቀመጥና፣ «ያን ቀን ከ‹አስነስቼ› በኋላ ምን ሊል ነበር?» ይለኛል። ለባላምባራስ አፍ ቅርብ የነበረው የኔ ጆሮ ነውና። «ሌላ ነገር አላለም፣ ኦቦ» እለዋለሁ። አምኖኝ ተነስቶ ይሄዳል፤ በሌላ ገበያ ቀን መልሶ ይጠይቀኛል።

እስኪሞት ድረስ በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ ልጆቹ ጋሪ ቢሰጡት አይወድም። አንድ ጊዜ አብሬው ቁልቁል ወደ ኦጎልቾ ወረድኩ። መንገድ ዳር የድንጋይ ክምር ባየ ቁጥር ይቆማል፤ የእረኛ ክምር ይሁን የድንበር ክምር አይለይም። ጫማውን ያወልቃል፣ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ለሙት የሚደረገውን የቁርኣን ጸሎት፣ ፋቲሃን፣ ይቀራል፣ ፊቱን ይዳብሳል፣ ከዚያ ጫማውን አጥልቆ ወደሚቀጥለው ክምር ይሄዳል።